አዲሱ ቲቪ ፊልሙን ድራማ አስመሰለብኝ፤ 48 ፍሬም የሚባለው ይሄ ነው እንዴ?

የሽምብጥ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከባህር ዳር ነው። ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

አቫታር የሚባለውን ፊልም የመጀመሪያውን ያየሁት በ2002 ዓ.ም. ነው። ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን፣ ቲቪው ትንሽ፣ ኮፒው ደብዛዛ። እንደዚያም ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ስለዚያ ጫካ ሳስብ አደርኩ። ከዚያ ሁለተኛውን 13 ዓመት ጠበቅን። ሦስተኛው ደግሞ ታህሳስ 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ወጣ። ለገና ወንድሜ ጋ አዲስ አበባ ስለምሄድ እዚያ ሲኒማ ገብቼ አየዋለሁ ብያለሁ። ከዚያ በፊት ግን የቀደሙትን መድገም ፈለግሁ።

ቤታችን በቅርቡ ትልቅ ስማርት ቲቪ ገብቷል። ቅዳሜ ማታ እህቶቼንና ሁለት ጓደኞቼን ሰብስቤ፣ እማዬ ቡና አፍልታልን፣ ሁለተኛውን በፍላሽ ያስጫንኩትን ከፈትኩ። ጥራቱ ይገርማል፣ የውሃው ጠብታ ይቆጠራል። ግን የሆነ ነገር ልክ አይደለም። ሰዎቹ ሲራመዱ የሚንሸራተቱ ይመስላሉ። ያ ሁሉ የተለፋበት ነገር ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ድራማ መሰለኝ፣ ካልሆነም የቀጥታ ኳስ። ታናሽ እህቴ «ይሄ ፊልሙ ነው ወይስ ሲቀረጽ ከጀርባ ያነሱት ነው?» አለች። በፍጥነት ሲዋኙ ደግሞ ፊታቸው ዙሪያ ምስሉ ሙልጭልጭ ይላል፣ እንደ መሟሟት።

ጓደኛዬ 48 ፍሬም የሚባለው ይሄ ነው፣ ዳይሬክተሩ እንዲህ እንዲታይ ነው የፈለገው ይላል። እውነት ነው? ከሆነ ሲኒማ ውስጥም እንዲህ ነው የሚታየኝ? ይሄን ያህል ጠብቄ እንዲህ ካየሁት በጣም ነው የማዝነው።

ቲቪ ሠሪው፦

ጓደኛህ ተሳስቷል ወንድም ዓለም። ሥራዬ ቲቪ መጠገን ነው፣ ይሄንኑ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱማ ተበላሽቷል ብሎ ያን ትልቅ ቲቪ በባጃጅ ጭኖ ይመጣል።

ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው፣ አንዷን ምስል ፍሬም ይሏታል። ቲቪህ ግን ስክሪኑን በሴኮንድ 60 ወይ 120 ጊዜ ያድሳል። ክፍተቱን ለመሙላት ሁለት ፍሬም ያይና በመሀላቸው ሊኖር ይችላል ብሎ የገመተውን ምስል ራሱ ሠርቶ ይሰነቅራል። ካሜራ ያላየው ምስል ነው። ሞሽን ስሙዚንግ ይሉታል። መንሸራተቱ ከዚያ የመጣ ነው። ፊታቸው ዙሪያ የሚሟሟው ደግሞ ግምቱ ሲስት ነው፣ የሚረጭ ውሃና የሚበር ፀጉር መገመት ይከብደዋል።

ፍላሽህ ላይ 48 ፍሬም ሊኖር አይችልም። ሁለተኛው አቫታር ለቤት የወጣው በ24 ነው፣ በብሉ ሬይም በዲዝኒ ፕላስም። 48ቱ የነበረው ሲኒማ ላይ ነው።

አሁን ሪሞቱን ያዝ። ሴቲንግ፣ ከዚያ ፒክቸር ውስጥ ግባ። ሳምሰንግ ከሆነ ፒክቸር ክላሪቲ ይላል፣ የቆየው ላይ አውቶ ሞሽን ፕላስ ነው። ኤልጂ ትሩሞሽን ይለዋል፣ ሶኒ ሞሽንፍሎው። አጥፋው። ፊልምሜከር ሞድ የሚል ካገኘህ እሱን ምረጥ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያስተካክልልሃል። ይሄ ሞድ እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣው ፊልም ሠሪዎቹ ስለጮሁ ነው። ቶም ክሩዝ ራሱ ከዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ማክዌሪ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ቪዲዮ ለቆ ሰው ቲቪው ላይ ይሄን ነገር እንዲያጠፋ ለምኗል።

እግረ መንገድህን የምስሉ ሞድ ቪቪድ ላይ ከሆነ አውጣው። ቪቪድ ሱቅ ውስጥ በዚያ ሁሉ መብራት መሀል ደምቆ ዓይን እንዲስብ የተሠራ ነው፣ ሳሎን ውስጥ ማታ አይሆንም። ሻርፕነስንም ዝቅ አድርገው። ሰው ሻርፕነስ ሲጨምር ጥራት የጨመረ ይመስለዋል፣ ነጭ መስመር ነው ጠርዙ ላይ የሚያሰምርልህ።

ካሜራማን፦

ቲቪ ሠሪው ያለው ልክ ነው። ግን ጠያቂው ሲኒማውንም ስለጠየቀ ልጨምር፣ ምክንያቱም ፍሬም ስለምትባለው ነገር በደንብ የገባው ሰው ጥቂት ነው።

24 የመጣው ለዓይን ከሁሉ ይበልጣል ተብሎ አይደለም። ድምፅ አልባ ፊልም በነበረ ጊዜ ካሜራው በእጅ ነበር የሚዞረው፣ ፍጥነቱም እንደሰዉ ይለያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ሲገባ ፍጥነቱ አንድ መሆን ግድ ሆነ፣ አለዚያ ድምፁ ይቀጥናል ይወፍራል። 24 የተመረጠው ድምፁን የሚሸከም፣ ፊልሙንም የማያባክን ሆኖ ስለተገኘ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ደቂቃ ማለት ወደ 27 ሜትር ነው፣ እጥፍ ብታደርገው ወጪው እጥፍ ነው። ፕሮጀክተሩ ደግሞ እያንዳንዱን ፍሬም ሁለት ጊዜ ብልጭ ያደርገዋል፣ እንዳይርገበገብብን። ከዚያ በኋላ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ዓይናችን በዚያ ተገራ። የፊልም ወዝ የምንለው ነገር ከዚያች 24 ጋር ተጣብቆ ቀረ።

እኔ ሠርግ ነው የምቀርጸው። ሙሽሮቹ በጀልባ ሐይቁ ላይ ሲወጡ በ25 ፍሬም እይዛቸዋለሁ፣ ሻተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ሴኮንድ ላይ አድርጌ። የኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አዳራሽ ስንገባም በዚያው ሻተር መብራቱ አይርገበገብብኝም። ስሎው ሞሽን የሚፈልገውን ብቻ በ50 ወይ በ100 እቀርጻለሁ። የ50ውን ሳላዘገየው እንዳለ ባስገባው ግን ሠርጉ ዜና ይመስላል። ሁሉም ነገር ጥርት ይላል፣ ሕልምነቱ ይጠፋል። ይሄ በራሴ ሥራ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ነው።

ባህር ዳር ያላችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። ጠዋት ሐይቁ ዳር ውጡና ስልካችሁን 24 ወይ 30 ፍሬም ላይ አድርጉ። ታንኳ የሚቀዝፈውን ሰው እያያችሁ ካሜራውን አብራችሁ አዙሩ። ሰውየው ደህና ነው፣ ከኋላው ያለው ደንገል ግን እየዘለለ ይሄዳል። አሁን ወደ 60 ቀይሩና ያንኑ ድገሙ። ደንገሉ አንድ በአንድ ይለያል። ከፍ ያለ ፍሬም የሚሰጠው ጥቅም ይሄ ነው፣ ቀላል ጥቅምም አይደለም። በ3ዲ ደግሞ መዝለሉ ይብሳል፣ ሁለቱ ዓይኖች የሚያዩትን ማዋሃድ ስለሚያቅታቸው ራስ ምታት ያመጣል።

ማዶ ዘጌ፦

እኔ 48ን በዓይኔ አይቼዋለሁና ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ለትምህርት ውጭ ነበርኩ። የፒተር ጃክሰን ሆቢት በ48 ፍሬም ሲወጣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ገባሁ። እንደ አንተ ብዙ የጠበቅሁት ፊልም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ክፉኛ ረበሹኝ። ሰዎቹ የሚቻኮሉ ይመስለኝ ነበር፣ ጺማቸው የተለጠፈ መሆኑ ይታወቃል፣ ቤቱም ከእንጨት የተሠራ ዝግጅት መሆኑን ዓይኔ ያውቀዋል። ጥራቱ ራሱ ጉድለቱን አሳየብኝ። በኋላ ሜዳና ተራራ ላይ ሲወጡ ግን ጥርት ያለ ነገር አየሁ፣ ካሜራው ሸለቆ ላይ ሲበር አንዲት ድንጋይ እንኳ አልደበዘዘችም።

ዳይሬክተሩ አንግ ሊ ከዚያ አልፎ በ120 ፍሬም ሠርቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ፣ በ2019 ደግሞ ጀሚናይ ማንን። እኔ እንደሚመስለኝ ሁሉንም ነገር በአንድ ፍጥነት ማሳየት ነው ስህተቱ።

የአቫታር ዳይሬክተር ጄምስ ካሜሮን ያስተካከለው ይሄን ነው። በሁለተኛው አቫታር ውሃ ውስጥና ሲበሩ 48፣ ሰዎች ተቀምጠው ሲያወሩ 24። ፕሮጀክተሩ ከጅምር እስከ መጨረሻ በ48 ነው የሚሄደው፣ የ24ቱ ቦታ ሲደርስ እያንዳንዱን ፍሬም ሁለት ጊዜ ይደግመዋል። ውሃ ውስጥ ሲገቡ መስታወት የተነሳ ያህል ነው። መለዋወጡ የሚረብሸው ሰው አለ፣ እኔንም አንድ ሁለት ቦታ ጎርብጦኛል። ግን ጣና ላይ ዋኝቼ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ይሁን እንጃ፣ ብርሃን ከላይ ውሃውን ሰንጥቆ ሲገባ እንደዚያ በትክክል ያሳየኝ ሌላ ፊልም አላየሁም።

ስለዚህ አትፍራ። ቲኬት ስትቆርጥ ግን ጠይቅ፣ የትኛው አዳራሽ 3ዲ ነው፣ በ48 የሚያሳየውስ አለ ወይ በል። መነጽሩ ብርሃኑን ከግማሽ በላይ ስለሚበላ ፕሮጀክተሩ ደካማ የሆነበት አዳራሽ በ3ዲ ይጨልማል። ጨለማ 3ዲ ከምታይ ብሩህ 2ዲ እይ። ይሄ የኔ ሐሳብ ነው፣ ግን እለምንሃለሁ።

እመቤት ከፋሲሎ፦

ይቅርታ፣ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሁላችሁም አጥፋው አጥፋው ትላላችሁ። አባቴ ዓይናቸውን ተቀደዋል፣ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ስሙዚንጉን ሳጠፋባቸው ካሜራው በዞረ ቁጥር «ራሴን አዞረኝ» ብለው ይነሳሉ። ስመልሰው ቁጭ ብለው ይጨርሱታል። ለእሳቸው ጥራት ማለት ሳይደክሙ ማየት ነው። የዳይሬክተሩን ፍላጎት አከብራለሁ፣ ግን አባቴ እስከ መጨረሻው አብረውኝ እንዲያዩ እፈልጋለሁ።

ቲቪ ሠሪው፦

እመቤት እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ይሄን ሳልል መቅረት አልነበረብኝም። መሀል መንገድ አለ። ሙሉ ከማጥፋት ካስተም ወይ ዩዘር የሚለውን ምረጪና ዲጀደር ወይም ጀደር ሪዳክሽን የሚለውን 2 ወይ 3 ላይ አድርጊው። ድራማ አያስመስልም፣ ለአባታችንም መዝለሉ ይቀንስላቸዋል።

ለእሳቸው የሚብሰው ቲቪው 60 ኸርዝ፣ ማለትም ስክሪኑን በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚያድስ ከሆነ ነው። 24 ለ60 እኩል አይካፈልም፣ ስለዚህ አንዱን ፍሬም 2 ጊዜ ቀጣዩን 3 ጊዜ እያለ ያሳያል፣ መንገዳገዱ ከዚያ ነው። 120 ኸርዝ ላይ እያንዳንዱ 5 ጊዜ ይሆናል፣ ይስተካከላል። ኤልጂ ካላችሁ ሪያል ሲኒማ የሚለውን አብሩት። ለኳስ ግን አትጨነቁ፣ እሱ ሲቀረጽም በብዙ ፍሬም ነው፣ እንደዚያ መታየቱ ትክክል ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሞከርኩት። ቪቪድ ላይ ነበር፣ ስሙዚንጉም እስከ ጥግ ተለቋል። ፊልምሜከር ሞድ አገኘሁና ቀየርኩት። መጀመሪያ ቢጫ መሰለኝ፣ ጨለምም አለብኝ። መጋረጃውን ዘግቼ አሥር ደቂቃ ስቆይ ዓይኔ ለመደው። እህቴን ምንም ሳልነግራት ጠራኋትና ያንኑ የሚዋኙበትን ቦታ ከፈትኩላት። ቆማ ነበር የምታየው፣ ከዚያ ቁጭ አለች። አሁን ፊልም ሆነ አለች።

እማዬ ግን እንደ እመቤት አባት ናት፣ የበፊቱ ይሻለኛል አለችኝ። ለእሷ 3 ላይ አድርጌ ሌላ ሞድ አስቀምጬላታለሁ፣ አንድ ቁልፍ ነው የምትጫነው።

የታንኳውን ሙከራም ነገ ጠዋት እወጣለሁ፣ ካሜራማን። ማዶ ዘጌ፣ ወንድሜን ደውዬ አዳራሹን እንዲጠይቅልኝ ነግሬዋለሁ፣ 3ዲው ይጨልማል ካሉት 2ዲውን እንቆርጣለን። ከገና በኋላ ያየሁትን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ። እስከዚያ ያያችሁት እባካችሁ ታሪኩን አትንገሩኝ።