ፕሬድኒሶሎን ሲቀነስ የሚያገረሽ የአፍ ቁስል

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። ታላቅ እህቴ በአፍ ቁስል ክፉኛ እየተሠቃየች ነው። ናሙና ተወስዶ ሲመረመር፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት ፔምፊገስ የተባለ ሕመም መሆኑ ተነገረን። የሰውነት መከላከያን የሚያረግበውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት ስትጀምር ተሽሏት ነበር፤ መጠኑ በተቀነሰ ቁጥር ግን ድዷና የጉንጯ ውስጠኛ ክፍል እንደገና ይላጣል። አልጫ ሽሮ እንኳ ስለሚያቃጥላት ከቀዘቀዘ አጥሚትና ከወተት በቀር የምትቀምሰው የለም። መድኃኒቱን ዕድሜ ልኳን ከመዋጥ ሌላ መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ 1፦
እግዚአብሔር ይማርልዎ። ፋርማሲስት ነኝ። በዚህ ሕመም ሰውነት የሚሠራው አንቲቦዲ (የመከላከያ ፕሮቲን)፣ የአፍን ሽፋን ሕዋሳት እርስ በርስ የሚያያይዘውን ዴስሞግሊን 3 የተባለ ፕሮቲን ስለሚያጠቃ ሽፋኑ በትንሽ ንክኪ ይላጣል፤ ጂቪ መቀባትም ሆነ አንቲባዮቲክ መዋጥ የማያድነው ለዚህ ነው። መጠኑ ሲቀነስ የሚያገረሽ ከሆነ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ አዛታዮፕሪን ወይም ማይኮፌኖሌት የተባሉ፣ የሰውነት መከላከያን የሚያረግቡ መድኃኒቶችን ይጨምራሉ፤ እነዚህ ለመሥራት ሳምንታት ስለሚፈጁ ቶሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም፣ የደም ምርመራም በየጊዜው ያስፈልጋል። በደም ሥር የሚሰጠው ሪቱክሲማብ በአሜሪካ ለዚህ ሕመም በ2018 እ.ኤ.አ. የጸደቀ ሲሆን፣ ለብዙዎች ረጅም እፎይታ ቢሰጥም ዋጋው ከባድ ነው፤ ከመጀመሩ በፊትም የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ግድ ነው። ከሁሉ በላይ የምለምንዎ፣ ፕሬድኒሶሎኑን በራሷ ፈቃድ እንዳታቋርጥ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ሰውነቱ ኮርቲሶል የተባለውን የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ስለሚቀንስ፣ ድንገት መተው ለሕይወት ያሰጋል።

መልስ 2፦
እኔም ይኸው ሕመም አለብኝ። ከእንክብሉ ጎን ለጎን የታዘዘልኝ የዴክሳሜታሶን መጉመጥመጫ ብዙ ረድቶኛል፤ ለጥቂት ደቂቃ አፍ ውስጥ ተይዞ ይተፋል እንጂ አይዋጥም፣ ከዚያም ለግማሽ ሰዓት ያህል አይበላም፣ አይጠጣም። ሲፋቅ የሚነሣ ነጭ ነገር ምላሷ ላይ ካየች ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሟ ትንገር፤ ኒስታቲን ይታዘዝላታል። ሎሚና ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትም ቢሆን፣ ሰው የሚመክረውን ሁሉ ቁስሉ ላይ አታድርግ፤ ሥቃይ ከመጨመር በቀር አይፈይዱም።

መልስ 3፦
እናቴን ሳስታምም ያስቸገረን ጾሙ ነበር። ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ አጥንትንም ስለሚያሳሳ ወተትና እንቁላል ያስፈልጋሉ። እናቴ እሺ ያሉት ንስሐ አባታቸው ቤት ድረስ መጥተው ሲፈቅዱላቸው ነው። እህትዎም የምትጾም ከሆነ ከንስሐ አባቷ ጋር አስቀድማ ትነጋገር። ድምፅዋ ከሻከረ፣ መዋጥ ካቃታት ወይም ቆዳዋ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ከወጣ ግን ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ ወደ ቆዳ ሐኪሟ ይውሰዷት።