ስንዴዬ ዩሪያ ጠጥቶም አልወዛም

ጠያቂ (ፎገራ)፦ ጣና ዳር ጥቁር አፈር ላይ በመስኖ የዘራሁት ስንዴ መካከለኛ ቅጠሉ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ነጣ ያለ ሰንበር አውጥቶ መሐሉ ይደርቃል፤ ጫፉ ግን አረንጓዴ ነው። ጎረቤቴ «ዩሪያ ድገምለት» ይለኛል። ለእርሱ የዩሪያ ያልሆነ በሽታ የለም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዩሪያውን ተወው። ዩሪያ የሚሰጠው የናይትሮጂን እጥረት ቢሆን ቢጫው ከታችኛው ቅጠል ጫፍ ይነሣ ነበር። ይህ ሰብሉ በጥቂቱ የሚሻው ንጥረ ነገር፣ የዚንክ እጥረት ይመስላል። 500 ግራም ዚንክ ሰልፌት በ100 ሊትር ውሃ በጥብጠህ፣ ነፋስ ሲበርድ አመሻሹ ላይ ቅጠሉን እርጨው። በማዳበሪያ የሚገባው ፎስፈረስ ሲበዛም ሰብሉ ዚንክ ይነፈጋል።

ሌላ መልስ፦ እኔ ግን አልቸኩልም። ውሃ ተኝቶበት ከሆነስ? ነቅለህ እይ፤ ሥሩ ጠቁሮ ከሸተተ መጀመሪያ ውሃውን አጠንፍፍ። አፈሩንም አስመርምር።

ጠያቂ፦ ነቀልሁት፤ ሥሩ ነጭ ነው። ግማሹን ረጭቼ ግማሹን እተወዋለሁ፤ ጎረቤቴም ድንበሩ ላይ ቆሞ ይፍረድ።