ለአደባባይ ጥበብ የከተማ ገንዘብ ይውጣ ወይ? የጅማ ልጆች ክርክር

የፈረንጅ አራዳዋ፦
ሰላም የጅማ ልጆች፣ እዚህ ላላችሁም ከአገር ለራቃችሁም። ጥያቄዬ አጭር ነው። በየከተማው መንገድ ሲሰፋና አደባባይ ሲሠራ ፏፏቴና ሐውልት አብሮ ይመጣል። ይሄ ገንዘብ ማባከን ነው ወይስ ሥራ መፍጠር? እኔ በበኩሌ ይውጣ ባይ ነኝ። ፈረንሳይ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ መጀመሪያ ለትምህርት ቤቶች ኋላም ለሌሎች የመንግሥት ሕንፃዎች፣ ከግንባታው ወጪ 1 በመቶውን ለሥነ ጥበብ ትመድባለች። የአሜሪካዋ ፊላዴልፊያም በ1959 ተመሳሳይ ደንብ አውጥታለች። ጅማ ደግሞ እንጨት የሚያናግር ሰው ሞልቷታል። እስኪ እንከራከር። ስድብ ክልክል ነው።

የቦሳ ኪቶ ነዋሪ፦
እህቴ፣ ሐሳብሽ ያምራል። ግን ጀሪካን ተሸክሞ ለሚውል ሰው ሐውልት ምን ያደርግለታል? እኛ ሰፈር የጎርፍ መውረጃው ክዳን ከተሰበረ ዓመት አልፎታል። ክረምት ሲገባ ልጅ እንዳይወድቅበት ዙሪያውን ድንጋይ እንደረድራለን። ማታ መብራት ሲጠፋ ድንጋዩ ራሱ ሰው ይጥላል። መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ።

ባለ ባጃጁ፦
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ግን ሐውልት ከሌለ ተሳፋሪው «ወራጅ» የት ይበል? የእኛ ከተማ አድራሻ እኮ በመንገድ ስም አይደለም። «ከዛፉ ትንሽ አለፍ ብሎ» ይልህና ዛፉ ተቆርጧል።

መምህሩ፦
ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ብረዝም ይቅርታ።

የይውጣ ባዮች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት ቁጥር አለ። ዩኔስኮ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የባህልና የፈጠራ ዘርፍ ከዓለም ጠቅላላ ምርት 3.1 በመቶ፣ ከሥራ ዕድል ደግሞ 6.2 በመቶ ድርሻ እንዳለው ገልጿል። ቁጥሩ ትክክል ነው። አጠቃቀሙ ግን ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም። በውስጡ ፊልም አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ኅትመት አለ። አንድ አደባባይ ላይ ሲሚንቶ አቁሞ «3.1 በመቶ» ማለት አይቻልም።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ብሩ ወጥቶ የት ይሄዳል? ሴኔጋል፣ ዳካር ላይ በ2010 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የአፍሪካ ህዳሴ ሐውልት 49 ሜትር ይረዝማል። የሠራው ግን የሰሜን ኮሪያ ድርጅት ነው። የእኛውም ትግላችን ሐውልት በ1977 ዓ.ም. ሲቆም የሰሜን ኮሪያ እጅ ነበረበት። ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት የቀረጹት የዩጎዝላቪያ ሰዎች ናቸው። ሐውልቶቹ የእኛን ታሪክ ይናገራሉ። ሙያውና የሙያው ክፍያ ግን ውጭ ሄዷል። ጅማም ገንዘቧን አውጥታ ሥራውን ከሌላ ከተማ ለመጣ ኮንትራክተር ከሰጠች ለእኛ የሚተርፈን ፎቶ መነሻ ብቻ ነው። ለከተማው ባለ እጅ ከሰጠች ግን ያው ብር ለገበሬው የእንጨት ዋጋ ይሆናል፤ ለረዳቱ ደመወዝ፣ ለምሳ ቤቷ ገቢ ይሆናል። ከተማ ውስጥ ሲዞር ይከርማል።

ስለዚህ ይውጣ ወይስ አይውጣ ከማለታችን በፊት ለማን እንደሚከፈል እንነጋገር።

አናጺው፦
መምህር፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነካኸው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት እንጨት ላይ ነው።

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው። ሚስማር የለውም፣ ሙጫ የለውም። ሦስቱ እግርና መቀመጫው አንድ አካል ናቸው። ግንዱ እርጥብ እያለ በመጥረቢያ ቅርጹን ታወጣለህ። ከዚያ ጥላ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ። ፀሐይ ካገኘው አለቀለት፤ መሃሉን ይሰነጠቅና ማገዶ ይሆናል። ደረቅ ሲል በመሮ ከሥሩ እየፈለፈልክ እግሮቹን ታቀጥናለህ። እዚህ ላይ እጅህ ከሳተ እግሩ ይሄዳል። መቀጠያ የለውም። ብርጭቆ ወረቀትና ቫርኒሽ የመጨረሻው ነው።

ይሄን ነጋዴ በጅምላ ይወስደዋል። አዲስ አበባ አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ የራሴን በርጩማ አይቼዋለሁ። የእጄን ሥራ አልስተውም። ዋጋውን ሳይ ሳቄ መጣ። እጥፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ አይገርመኝም ነበር።

ሌላም ልንገራችሁ። አንድ ድርጅት በሩ ላይ የሚቆም ትልቅ የእንጨት ቅርጽ እንድሠራለት ጠየቀኝ። ንድፍ ሠራሁ፣ ዋጋ አቀረብኩ፣ ጠበቅኩ። ከወራት በኋላ ባልፍበት የእኔው ንድፍ በፋይበር ግላስ ተሠርቶ ቆሟል። ቡናማ ቀለም ስለተቀባ ከሩቅ እንጨት ይመስላል። ጠጋ ብዬ ሳንኳኳው እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። አቤት የምለው ለማን ነው?

መምህሩ፦
አቤት የሚባልበት ሕግማ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልንም ቅርጻ ቅርጽንም ይሸፍናል። መብቱን ለማግኘት መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ሥራው የራስህ ፈጠራ ሆኖ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ያንተ ነው። ከእንግዲህ ንድፍ ለሰው ከማሳየትህ በፊት ቀን ጽፈህ ፈርምበት፣ ፎቶ አንስተህ አስቀምጥ። በስልክ «እሺ» ተብሎ ንድፍ አይሰጥም።

የደን ተማሪ፦
ሁላችሁም ስለ እንጨት እንደ ልብ ታወራላችሁ። በርጩማው የሚወጣበት ዋንዛ ከየት ሊመጣ ነው? የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ የከለከለው እኮ በዋዛ አልነበረም። ዛሬ በርጩማ ለሁሉም አደባባይ ብንል ነገ ዋንዛ በፎቶ ብቻ ነው የምናየው።

አናጺው፦
ልጄ፣ እኔ ዋንዛ የምገዛው ከገበሬ ጓሮ ነው። ገበሬው ለቡናው ጥላ ብሎ ያሳደገው ነው። ዋጋ ሲያገኝበት ይተክላል፤ ዋጋ ሲያጣበት ነው ለከሰል የሚሰጠው። ደግሞ አደባባይ ላይ የግድ እንጨት ይቁም አላልኩም። ዝናባችንን ታውቃለህ። በድንጋይም በብረትም ይሠራል።

የጀበና ልጅ፦
እናቴ ሸክላ ሠሪ ነች። በእሷ ጀበና ቡና ጠጥተው «ቡዳ ነች» የሚሏትን ሰዎች እያየሁ ነው ያደግሁት። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰው ነበር። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ መች ጠፋ?

እኔ ሐውልት ይቁም የምለው ለቱሪስት ብዬ አይደለም። የእናቴ ዓይነት ሥራ ከተማው መሃል ቆሞ፣ ከሥሩ የሠራችው ሴት ስም ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ። ይሄ በብር አይተመንም ካላችሁኝ ደግሞ ይተመናል። ስሟ የታወቀ ሠሪ በጀበናዋ ላይ ዋጋ መቁረጥ ትችላለች። ስም የሌላት የተሰጣትን ትቀበላለች።

ጋሼ ቦሳ ኪቶ፣ ስለ ክዳኑ ላሉት ደግሞ፣ ጃፓኖች የመንገድ ጉድጓድ ክዳናቸው ላይ የየከተማቸውን ምልክት እየቀረጹ ይሠራሉ። ክዳንም ነው፣ ጥበብም ነው። የጅማ ብረት ሠሪዎች የቡና ቅርንጫፍ ያለበት ክዳን መሥራት ያቅታቸዋል?

የቦሳ ኪቶ ነዋሪ፦
የኔ ልጅ፣ እሱንስ እፈርማለሁ። ክዳን የሚሆን ጥበብ ይምጣ። እኔን የሚያበሳጨኝ ሲመረቅ ሪባን ተቆርጦ በዓመቱ ውሃው የደረቀ ፏፏቴ ነው። የማሠሪያ በጀት አለ፣ የመጠገኛ የለም።

የጅሬን ልጅ፦
ለመሆኑ የምን ምስል ነው የሚቆመው? እዚህ ከተማ የሰው ምስል አቁሙ ካልን ሌላ ክርክር ከፈትን። ብዙ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደስ አይላቸውም፤ ሊከበርላቸው ይገባል። የማን ምስል ይቁም የሚለው ጠብ ደግሞ አለ፤ እሱን ተዉት። ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እዩ። ሰገነቱ እንጨት ነው፣ ውበቱ ያለው በእንጨቱ አሠራር ላይ ነው። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነገሡ ሰው ያለ ሐውልት በቤታቸው ይታወሳሉ። ያ ቤት ለስንት ዓመት እድሳት ሲጠብቅ ኖረ! እኔ ከአዲስ ሐውልት በፊት ያለው ይጠገን እላለሁ። ጥገናውም ለአናጺ እንጀራ ነው።

መምህሩ፦
እስማማለሁ። ሰው ሁሉ የስፔኗን ከተማ ቢልባኦን ይጠቅሳል፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ሙዚየም ከፍታ ከተማዋ ተለወጠች ይባላል። ከዚያ በፊት በ1995 የከተማ ባቡር (ሜትሮ) መክፈቷን፣ ወንዟን ለማጽዳት ለዓመታት ብዙ ማውጣቷን ማንም አያነሳም። እኛም የራሳችንን ወንዝ አዌቱን ሳናጸዳ ዳር ላይ ቅርጽ ብናቆም አፍንጫውን ይዞ የሚያይ ነው የምናገኘው።

ስም ላይ ግን የጀበና ልጅ ያለችው ትልቅ ነገር ነው። ኢትዮጵያ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቡናዎቿን ስሞች ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ የንግድ ምልክት ለማድረግ ስትሟገት፣ በ2007 ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ስትደርስ፣ ጅማ ከሦስቱ ውስጥ አልነበረችም። በርጩማው ላይም እንዳንተኛ።

የፈረንጅ አራዳዋ፦
እሺ፣ ወደ መሬት እናውርደው። ነገ ጨረታ ቢወጣ አናጺው መወዳደር ይችላል?

አናጺው፦
አልችልም። የጨረታ ማስከበሪያ አስይዝ ይሉኛል። ባሸንፍ እንኳ ቅድመ ክፍያ የሚለቀቀው በባንክ ዋስትና ነው። ባንኩ ደግሞ ቤት ወይ መኪና ይጠይቃል። ግንዱን በምን ልግዛው?

መምህሩ፦
ቅድመ ክፍያው እስከ 30 በመቶ ይደርሳል፤ ዋስትናው ነው እንቅፋቱ። ጥቃቅንና አነስተኛ ሆናችሁ ብትደራጁ ካደራጃችሁ አካል የዋስትና ደብዳቤ የሚቀበሉበት አሠራር አለ።

አናጺው፦
ተደራጅተን ነበር። ግማሹ ወደ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ወደ ዐረብ አገር ሄደ።

ባለ ባጃጁ፦
እኔ የማውቃቸው ሁለት ልጆች አሉ፣ ጎበዝ ቀራጮች። ሥራ ፈተው የእኔን ባጃጅ በተራ ይነዳሉ። ጋሼ አናጺው፣ ሱቅዎ እዚሁ ጅማ መርካቶ በኩል ነው አይደል? ቅዳሜ ይዣቸው ልምጣ?

አናጺው፦
ይዘሃቸው ና። የራሳቸው መሮ ካላቸው እሱንም ይያዙ።