በእቁብ ብር ሙቀትና ብርድ የማያስገባ የስፌት ክፍል መሥራት ፈልጌ ነበር (ጎንደር)

የአዘዞዋ ሰፊ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አዘዞ ነው ያለሁት። እናቴ ግቢ፣ ጓሮው ላይ፣ 3 በ4 ሜትር የሆነ የስፌት ክፍል ልሠራ ነው። እቁብ ወጥቶልኛል፣ ግን ለብሎኬት ቤት አይበቃም። አሁን የምሰፋበት ክፍል ዙሪያውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ከስድስት ሰዓት በኋላ አያስቀምጥም፤ ታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ ጣቴ ደንዝዞ መርፌ አልይዝ ይለኛል። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲወርድ ደንበኛ ቢደውል እንኳ አልሰማም። በእጄ ያለው ከፈረሰ ኩሽና የወጣ ቆርቆሮ፣ ጥቂት ባሕር ዛፍና አንድ የብረት መስኮት ነው። ግድግዳውን በምን ልሥራው? ነጩን የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ልለጥፍበት? ብሩንስ የት ላይ ላውለው?

አናጺው
እህቴ፣ ብሩን ጣሪያው ላይ አውዪው። ሚያዝያ ላይ ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት፣ የሚጠበሰው ጣሪያው እንጂ ግድግዳው አይደለም። ሰው ግን ግድግዳ በግድግዳ ሲያሳምር ገንዘቡ ያልቅና ጣሪያው ራቁቱን ይቀራል፣ ኮርኒስ «በኋላ» ይባላል፣ በኋላም አይመጣም።

ግድግዳውን በጭቃ ሥሪው። ባሕር ዛፉ ለቋሚና ለማገር ይሆንሻል። ከመሬት 50 ሳንቲም ያህል በድንጋይ አንሺው፤ ድንጋይ እንደሆነ እኛ አገር ሞልቷል። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አስረግጠሽ ቢያንስ ሳምንት አቡኪው፣ በየቀኑ ውሃ እየተረጨ ይረገጥ። ሽታው ሲለወጥና እጅ ላይ ሲያዝ፣ ጭዱም ለስልሶ ሳብ ስታደርጊው ሲበጠስ፣ ደርሷል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ተሰነጣጥቆ ሳይጨርስ ሁለተኛውን እንዳታስመርጊ፣ ስንጥቁ ተከትሎ ይወጣል። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲም ይውጣ። የጭቃ ቤት ጠላቱ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው፣ እሱን ከከለከልሽው ዕድሜ አለው። አሁን ጥር ነው፣ ከጀመርሽ እስከ ግንቦት በደንብ ይደርቅልሻል።

ብሎኬት ይሻላል
እኔ አልስማማም። ጭቃ በየዓመቱ ልስን ይፈልጋል፣ ምስጥም አለ። ትንሽ ቆይተሽ ጨምረሽ በብሎኬት ብትሠሪው ይሻልሻል።

ሲቪል ነኝ
የምስጡ ነገር እውነት ነው፣ ለዚህ ነው ቋሚው መሬት ውስጥ መቀበር የሌለበት፤ ድንጋዩ ላይ ይቁም። ግን ባዶ የብሎኬት ግድግዳ ሙቀቱንም ብርዱንም ያን ያህል አይከለክልም፣ እሱም መከለያ ይፈልጋል። ከእቁቧ ላይ ያን ወጪ መጨመር አያዋጣም።

ወደ ፎሙ ልምጣ። ጭቃና ፎም ሥራቸው ይለያያል። ወፍራም ጭቃ ሙቀቱን ይዞ ያዘገየዋል፣ ቀን የያዘውን ማታ ይለቃል። ፋሲል ግቢ ቀትር ላይ የገባ ሰው የወፍራም ግንብን ነገር ያውቀዋል። ፎም ግን ምንም አይዝም፣ ማለፉን ነው የሚከለክለው። ስለዚህ ግድግዳው ጭቃ፣ ፎሙ ኮርኒሱ ላይ ይሁን። ቆርቆሮው ከኮርኒሱ 20 ሳንቲም ያህል ይራቅ፣ በሁለቱም ጎን ነፋስ የሚያሳልፍ ክፍተት ተዪለት፤ የጋለው አየር በዚያ ይወጣል። ክፍተቱን በወንፊት ሽቦ ካልዘጋሽው ግን አይጥ ይገባል። መስኮቱን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አዙሪው፣ የምዕራቡ የከሰዓት ፀሐይ ክፉ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ሰፈር
ፎም ለምን ትገዛለች? ማዳበሪያ ውስጥ ጭድ ሞልታ ኮርኒሱ ላይ ብትደረድርስ? እኛ ሰፈር እንዲህ ያደረጉ አሉ፣ ድምፅም ይቀንሳል።

ሲቪል ነኝ
ደረቅ ጭድ ካውያ ከሚሠራበት ክፍል በላይ? አይሆንም። አይጥም ቤቱ ያደርገዋል። በቀጭን ጭቃ ውሃ ተነክሮ በደንብ የደረቀ ጭድ እሳት ቶሎ አይዘውም፣ ድምፅም ይይዛል፤ ግን ክብደቱን አስቡት። 12 ካሬ ላይ 10 ሳንቲም ቢነጠፍ 1.2 ሜትር ኩብ ነው፣ በኩብ 300 ኪሎ ብንለው እንኳ 360 ኪሎ እላይዋ ይሰቀላል። ተራ የኮርኒስ ሞራሌ (ኮርኒሱ የሚመታበት ቀጭን እንጨት) አይችለውም። 5 ሳንቲም ፎም ግን በዚያው ስፋት 12 ኪሎ አይሞላም።

ፎሙም ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ክፍሉ ውስጥ ተገልጦ እንዳይቀር፣ ከሥሩ በጂፕሰም ይሸፈን። ጂፕሰሙ ከበድ ስለሚል የዝናቡንም ጩኸት ትንሽ ይቀንስልሻል።

ኤሌክትሪሻን ከማራኪ
ካውያ ስለተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ከእናትሽ ቤት በተልካሻ ማራዘሚያ እንዳትስቢ። ካውያው ብቻውን 1000 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ይጎትታል። ለሶኬቱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ለብቻው ብሬከር፣ ከመሬት (ኧርዝ) ገመድ ጋር። ሽቦው በፎም ውስጥ ሲያልፍ ቱቦ ውስጥ ይሁን። ጨርቅና ክር ያለበት ቤት ስለሆነ እዚህ ላይ አትቆጥቢ፣ ሌላው ቢቀር ቀለሙ ይቅር።

የአዘዞዋ ሰፊ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ አናጺ፣ ሁላችሁም። ወሰንኩ። ጭቃ ግድግዳ፣ ፎምና ጂፕሰም ኮርኒስ፣ ለኤሌክትሪኩ ለብቻው ብር አስቀምጣለሁ። ወለሉን ለጊዜው ሊሾ ሳላደርግ ጠጠርና ጭቃ አስደልድዬ እገባበታለሁ። አንድ የቀረኝ፦ አሮጌው ቆርቆሮ የሚስማር ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ልጣለው?

አናጺው
አትጣዪው። ቀዳዳው ጉብታው ላይ ከሆነ በዚያው ቀዳዳ ጎማ ያለው ሚስማር ምቺበት። ሸለቆው ላይ ያለው ነው የሚያፈሰው፤ እነዚያን ቆርቆሮዎች ለይተሽ ሌላ ቆርቆሮ በሚደረብበት ጠርዝ በኩል አድርጊያቸው። ዝገት የበላውን ግን አትጠቀሚበት። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ቀበሌ ጎራ ብለሽ ፈቃድ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂ፣ ሠርተሽ ከጨረስሽ በኋላ አፍርሺ እንዳይሉሽ።