ቦርድ ላይ ሴቶች ሲበዙ ኩባንያ አረንጓዴ ይሆናል?

አወያይ፦ ጥያቄው ይኸው። የቦርድ አባላት ውስጥ ሴቶች ሲበዙ ኩባንያው ለአካባቢ የሚበጅ ቴክኖሎጂ በብዛት ይፈጥራል የሚሉ ጥናቶች ብዙ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ባወጣው መመሪያ መሠረት ትልልቅ የአክሲዮን ገበያ ኩባንያዎች እስከ ሰኔ 2026 መጨረሻ ግብ ተቀምጦላቸዋል። ሥራ አስፈጻሚ ካልሆኑት የቦርድ አባላት 40 በመቶው፣ ወይም ከጠቅላላው አባላት 33 በመቶው በቁጥር ካነሰው ፆታ መሆን አለባቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ተከራከሩ። ኮታ አረንጓዴ ፈጠራ ያመጣል?

ንጋት፦ ያመጣል ባይ ነኝ። አንድ ዓይነት ቦታ የተማሩ፣ አብረው የሚውሉ ሰዎች ቦርድ ሲሞሉ ማን "ለምን?" ይላል? የአረንጓዴ ምርምር ወጪው ዛሬ ነው፤ ትርፉ ግን ከዓመታት በኋላ ነው የሚታየው። የለመዱትን የሚሞግት ሰው ከሌለ እንዲህ ያለ ሐሳብ ገና በበሩ ይመለሳል።

ጠርጣራው፦ እህቴ፣ ለመሞገት የግድ ሴት መሆን ያስፈልጋል? እኔ ሴቶች አይግቡ አላልኩም። በመብታቸው ይግቡ። ግን "ከገቡ ካርበን ይቀንሳል" የሚለው አይዋጥልኝም። ወንዶቹ ላይ ያልተጫነ ሸክም ለምን እነሱ ላይ ይጫናል?

ቀመር፦ እኔን የሚያሳስበኝ ስሌቱ ነው። ትልቅና ሀብታም ኩባንያ ሴቶችንም ይሾማል፣ ለምርምርም ገንዘብ አለው። ሁለቱ አብረው ታዩ ማለት አንዱ ሌላውን ወለደ ማለት አይደለም። ፓተንትን፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብትን እንውሰድ። ዘንድሮ የቀረበ ማመልከቻ ከጀርባው የዓመታት የላብራቶሪ ሥራ አለው። ዘንድሮ የተሾመች የቦርድ አባል በምን ተአምር ታመጣዋለች? የተሻለው መፈተኛ ሕግ ያስገደደበት ቦታ ነው። ኖርዌይ በ2003 ባወጣችው ሕግ አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጡ ኩባንያዎች በ2008 40 በመቶ እንዲደርሱ አስገደደች። ቅጣቱ እስከ መፍረስ ነበር። አንዳንዱ ኩባንያ ሕጉን ለመሸሽ ሕጉ ወደማይነካው የኩባንያ ዓይነት ተቀየረ። ከዚያ በ2012 የወጣ ጥናት የኩባንያዎቹ ዋጋ ወረደ አለ፤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ያንኑ ነገር መርምረው ግልጽ ጉዳት አላየንም አሉ። ስለ ዋጋ እንኳ ያልተስማሙ ሰዎች ስለ ፈጠራ እንዴት ይስማማሉ?

ንጋት፦ እሺ፣ ስሌቱን ተወውና የሆነውን እንይ። በ2021 ኢንጂን ነምበር ዋን የሚባል ትንሽ የኢንቨስትመንት ድርጅት 0.02 በመቶ ገደማ አክሲዮን ይዞ ከግዙፉ የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ ከኤክሶን ሞቢል ቦርድ ሦስት ወንበር ወሰደ። ካስገባቸው አንዷ ካይሳ ሂየታላ ናት። በፊንላንዱ የነዳጅ ኩባንያ ኔስቴ ቆሻሻ ዘይትንና ተረፈ ምርትን ወደ ናፍጣ የሚቀይረውን ዘርፍ ስትመራ የነበረች ሴት። ይህ ምንድን ነው ታዲያ?

ጠርጣራው፦ የተቀሩት ሁለቱ ወንዶች ናቸው! ደግሞ ከምርጫው በፊት ኤክሶን ቦርድ ላይ ሦስት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ሱዛን ኤቨሪ ከ2017 ጀምሮ የነበረች የከባቢ አየር ሳይንቲስት ናት። "ሦስት ሲሆኑ ድምፃቸው ይሰማል" ይባል የለ? ሦስት ነበሩ። ሳይንቲስትም ነበረች። ባለአክሲዮኖቹ ግን አልረኩም። ሂየታላ ከገባችም በኋላ ኤክሶን በ2023 ፓዮኒር የተባለውን የነዳጅ አምራች 60 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማማ።

ንጋት፦ በዚያው ዓመት ካርበን የሚያጓጉዙ ቱቦዎች ያሉትን ዴንበሪንም ገዝቷል። አንዱን ብቻ አትቁጠር እንጂ።

ጠርጣራው፦ 4.9 ቢሊዮን ነው። አነጻጽሪው።

ቃለ ጉባኤ፦ ይቅርታ ልግባ፤ የቦርድ ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቦርድ ፈጠራ አይፈጥርም። በጀት ያጸድቃል፣ ሥራ አስፈጻሚ ይሾማል፣ ጉርሻውን ይወስናል። የሥራ አስፈጻሚው ጉርሻ በዓመቱ ትርፍ ብቻ ከተለካ አሥር ዓመት የሚፈጅ ምርምር የመጀመሪያው ተቆራጭ ነው። ማን ቢቀመጥ አይተርፍም። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሴቶቹ የትኛው ኮሚቴ ውስጥ ናቸው? የሥራ አስፈጻሚውን ደመወዝና ጉርሻ የሚያየውን የክፍያ ኮሚቴ ማን ይመራል? አጀንዳውን ማን ይቀርጻል? ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ፎቶው ያምራል፤ ኮሚቴዎቹን ስታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ቀመር፦ ይህ ይለካል። የሴቶችን ቁጥር ትቶ ኮሚቴውን መቁጠር ነው።

ንጋት፦ ጋሼ ቃለ ጉባኤ፣ ያሉት ልክ ነው። ግን ቦርድ ያልገባች ሴት የክፍያ ኮሚቴ ሰብሳቢ ትሆናለች? ኮታው በሩን ይክፈት፣ የቀረውን እንታገላለን።

ጠርጣራው፦ እንግዲያው ሕጉ ዕውቀት ይጠይቅ። ስለ ኃይልና ስለ አየር ንብረት የሚያውቁ ሴቶች ይባል።

ንጋት፦ ለወንዶቹ ይህ ተጠይቆ ያውቃል?

ጠርጣራው፦ አያውቅም። ከሁሉም ይጠየቅ።

ቃለ ጉባኤ፦ ሃሃ፣ ያኔ ግማሹ ወንበር ባዶ ይቀራል።