ለትምህርት ቤቶቹ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ በፒዩፕል ፕሪሚየም ገንዘብ ዙሪያ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ልጆቻችን ለሚማሩባቸው የለንደን ትምህርት ቤቶች የምንልከውን ደብዳቤ እዚሁ እንጨርሰው። ለአዳዲስ አባላት ባጭሩ፦ ከ2011 ጀምሮ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ልጆች ፒዩፕል ፕሪሚየም የሚባል ተጨማሪ በጀት ያገኛሉ። በ2025/26 ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ 1,515፣ ለሁለተኛ ደረጃ ደግሞ 1,075 ፓውንድ ነው። ገንዘቡ ወላጅ እጅ አይገባም፤ የሚያዝበት ትምህርት ቤቱ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን «የልጄን ድርሻ ስጡኝ» ሳይሆን «ምን ላይ አዋላችሁት?» ይሁን።

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔ ከነጻ ምሳው ማመልከቻ ፎርም እንጀምር ባይ ነኝ። ለንደን ውስጥ ከሴፕቴምበር 2023 ወዲህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ምሳ ለሁሉም ነጻ ነው። ታዲያ ብዙ ሰው «ምሳው ነጻ ከሆነ ፎርሙ ምን ይሠራልኛል?» ብሎ ይተወዋል። ትምህርት ቤቱ ግን ተጨማሪውን ብር የሚያገኘው ልጁ ለነጻ ምሳ ብቁ ተብሎ ሲመዘገብ ነው። አንዴ የተመዘገበ ልጅ ለ6 ዓመት ይቆጠራል። በአንደኛ ደረጃው ሒሳብ አስሉት እስቲ፤ ከ9,000 ፓውንድ በላይ ነው!

የስማችንም ነገር አለ። ፎርሙ የወላጅን የመጨረሻ ስም፣ የትውልድ ቀንና የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር ይጠይቃል። የእኛ ስም አንዱ ወረቀት ላይ በአባት፣ ሌላው ላይ በአያት ተጽፏል። እናትየዋ የልጇን የመጨረሻ ስም ከሞላች ደግሞ ጭራሽ አይገጥምም። ሲስተሙ አላገኘሁም ሲላት «በቃ አይገባኝም ማለት ነው» ብላ ትተወዋለች። ከወላጅ ጋር ቁጭ ብሎ የሚሞላ አንድ ሰው ይመደብልን።

አንድ አባት፦
እህቴ ያለችው ልክ ነው። ለቅዳሜው የአማርኛ ትምህርታችንስ ከዚሁ ገንዘብ ብንጠይቅ?

ረዳት መምህርት፦
ጋሼ፣ እሱን ለብቻው ብንጠይቅ ይሻላል። ይሄ ገንዘብ መንግሥት ባወጣው ማዕቀፍ ነው የሚወጣው፦ የመምህራን ሥልጠና፣ ወደኋላ ለቀሩ ልጆች ድጋፍ፣ እንዲሁም እንደ ቁርስና የክፍል መቅረት ክትትል ያሉት። ከእነዚህ እኔ የምመርጠው በትንሽ ቡድን ማስጠናትን ነው። ኤጁኬሽን ኢንዳውመንት ፋውንዴሽን የተባለው የትምህርት ጥናት ድርጅት በአማካይ የ4 ወር ተጨማሪ እድገት እንደሚያመጣ ይናገራል።

ልጆቻችን ደግሞ በዚህ በኩል ይረሳሉ። 4ኛ ክፍል ያለች ልጅ እንግሊዝኛዋ ያገሩ ሰው ነው የሚመስለው። የሳይንስ ጥያቄ ስታነብ ግን «ትነት» የሚለው ቃል ላይ ጣቷን አድርጋ ትቀራለች። መምህሯ በንግግሯ ተማምኖ ያልፋታል። ደብዳቤው ንባብን በስሙ ይጥራ። እባካችሁ ይሄ እንዳይወጣ።

የሦስት ልጆች እናት፦
የመኖሪያ ወረቀታቸው ያላለቀላቸውስ? የመንግሥት ድጎማ ባይፈቀድላቸውም ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ለነጻ ምሳው ማመልከት ይችላሉ። ብዙዎቹ ግን ፈርተው አይጠይቁም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ይገባል። እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ይሁን፦ «ከኦክቶበሩ የተማሪ ቆጠራ በፊት አስተርጓሚ ያለበት የፎርም መሙያ ቀን ይዘጋጅልን፤ ወረቀታቸው በሂደት ላይ ያሉ ቤተሰቦችም ይጠሩ። ማንበብ ለሚከብዳቸው ልጆች በትንሽ ቡድን ማስጠናት ይጀመር። በየዓመቱ እስከ ዲሴምበር 31 የምታወጡትን የወጪ ዕቅድ ለወላጆች በቃል አስረዱን።» የቅዳሜው ትምህርት በሌላ ደብዳቤ ይሄዳል፤ ጋሼ እርስዎ ቢጀምሩት። ማስተካከያ ያለው እስከ እሑድ ማታ ይጻፍ፤ ሰኞ እልከዋለሁ።