ለቤት ሙዚቃ ቱዩብ ፕሪአምፕ ይሻላል ወይስ ትራንዚስተር? (ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ያላችሁ ጠቁሙኝ)

ጥያቄ፣ ከደሴ ሸዋ በር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የካሴት ዴክና ስልክ ከፓወር አምፕ (ስፒከሩን ከሚነዳው ማጉያ) ጋር የሚያገናኝ ፕሪአምፕ እፈልጋለሁ፤ የት እንደሚገኝም ጠቁሙኝ። የማዳምጠው ባብዛኛው የድሮ የወሎ ላሊበላ ኪነት ካሴት ነው፤ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት። አንዱ ሱቅ 6ጄ1 የሚባል ቱዩብ (አምፖል የሚመስል የመስታወት ማጉያ) ሁለት የተሰካባት ትንሽ ሰርኪዩት ያሳየኛል፣ ሌላው ትራንዚስተር ውሰድ ይላል። ፓወር አምፑ ትንሽ ዲ-ክላስ ነው፣ ከፕሪአምፑ ወደ ፓወር አምፑ የሚሄደው ኬብል 5 ሜትር ነው፣ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ።

ከኮምቦልቻ፦
አብሽር ወንድሜ። ምጣዱንና 5 ሜትሩን መጥቀስህ ጥሩ ነው፤ ምርጫውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። የቤቱ ገመድ ቀጭን ከሆነ ወይም ቤቱ ከሰፈሩ ትራንስፎርመር ከራቀ 220ው ወደ 180 ሊወርድ ይችላል። ያኔ 6.3 ቮልት የሚፈልገው የቱዩብ ሂተር (ውስጡን የሚያግለው ሽቦ) 5.15 ብቻ ያገኛል፤ ከ5.7 በታች ደግሞ መውረድ የለበትም። ካቶዱ (ሂተሩ የሚያግለው የቱዩቡ ክፍል) በደንብ ሳይግል ሲሠራ ድምፁ ይደክማል፣ ቱዩቡም ያለ ጊዜው ያረጃል።

ትራንዚስተር የተባለው፣ ማለትም ኤንኢ5532 ወይም ኦፒኤ2134 አይሲ (ብዙ ትራንዚስተር በአንድ ላይ የያዘ) ያለው ፕሪአምፕ ግን በ7815ና በ7915 ሬጉሌተር (ቮልቴጁን በ15 የሚያረጋጋ) ተረጋግቶ ነው የሚሠራው። ትራንስፎርመሩ 18-0-18 ከሆነ በ220 ጊዜ 24 ቮልት ዲሲ ይወጣል፣ በ180 ጊዜ 19 ገደማ። 7815 የሚፈልገው 17.5 ነው፤ ምጣዱ ተሰክቶም ድምፁ አይለወጥም። ትራንስፎርመሩ 15-0-15 ከሆነ አትግዛ፣ ቮልቴጅ ሲወርድ ሬጉሌተሩ መያዝ ያቅተውና ጉምጉምታ ይገባል። አይሲው አጠገብ፣ በሁለቱም የፓወር እግሮች ላይ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር መኖሩንም እይ። ከሌለ አይሲው በማይሰማ ፍሪኩዌንሲ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ምልክቱ ሙዚቃ ሳይኖር መጋሉ ነው። ጌይኑም (የማጉላት መጠኑ) 3 ወይም 4 እጥፍ ይበቃሃል። 10 እጥፍ የሆነውን ከወሰድክ ቮሊዩሙ ገና ሩብ ሳይዞር ቤቱን ይሞላዋል፣ በዝቅተኛ ድምፅ ማታ ማዳመጥ ያስቸግርሃል።

ከወልድያ፦
በመብራቱ ጉዳይ እስማማለሁ፤ በ6ጄ1 ቱዩብን መመዘን ግን ቱዩብን መበደል ነው። ያቺ ሰርኪዩት በ12 ቮልት ኤሲ ነው የምትሠራው፣ ለፕሌት (ከፍተኛ ቮልቴጅ ለሚፈልገው የቱዩቡ ክፍል) የምትሰጠው ቮልቴጅ እጅግ ትንሽ ነው። ቱዩብ የሚባለው ኢሲሲ82 ወይም ኢሲሲ83 (12ኤኤክስ7) ሆኖ 250 እስከ 300 ቮልት ሲያገኝ ነው። በደንብ የተሠራ ትራዮድ (እንደነዚህ ያለ ቱዩብ) የሚጨምረው በዋናነት ሁለተኛውን ሃርሞኒክ ነው፤ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለውን ያንኑ ድምፅ። አምባሰል በማሲንቆ ቀስ ተብሎ ሲመታ ይህ ጭማሪ ለሰው ድምፅና ለጭራው ሙላት ይሰጣል፤ በበኩሌ ለዚህ ዓይነት ሙዚቃ እመርጠዋለሁ። የካሴቱን ሽሽታ ግን አይቀንስም። ይቀንሳል ብሎ የሚሸጥልህን አትመን።

ሲገዙት የሚሳሳቱት መውጫው ላይ ነው። ኢሲሲ83 በ100 ኪሎኦም ፕሌት ሬዚስተር በቀጥታ ከወጣ የመውጫው ኢምፔዳንስ (ድምፁ ሲወጣ የሚገጥመው ተቃውሞ) 38 ኪሎኦም ገደማ ነው። ኬብልህ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ካለው 5 ሜትሩ 500 ይሆናል፤ ቀጭኑ ድምፅ ከ8 ኪሎኸርዝ ጀምሮ ይወድቃል። የዲ-ክላሱ መግቢያ 10 ኪሎኦም ከሆነ ደግሞ ከድምፁ አንድ አምስተኛው ብቻ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ሁለተኛው ቱዩብ ካቶድ ፎሎወር (ድምፁን ከፕሌት ሳይሆን ከካቶድ የሚያወጣ) መሆኑን ጠይቅ፤ ኢምፔዳንሱ 1 ኪሎኦም እንኳ አይሞላም። የመውጫ ካፓሲተሩ 0.47 ማይክሮፋራድ ከሆነም በ2.2 ይቀየር፤ በ10 ኪሎኦም ላይ 0.47ቱ ከ34 ኸርዝ በታች ያለውን ከበሮ ይበላዋል።

ከደሴ ፒያሳ፦
የት ይገኛል ለሚለው፦ የአይሲው ፕሪአምፕ እዚሁ ደሴ ተሠርቶ ያልቃል። ክፍሎቹ ተራ ናቸው፣ ራዲዮና ቴፕ የሚጠግን ሰው ሁሉ ይሠራዋል። ለቱዩብ ግን መለዋወጫው ከመርካቶ ወይም ከውጭ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያውኑ ሁለት ትርፍ ቱዩብ አብረህ ግዛ። ትራንስፎርመሩን ሞተር የሚጠቀልሉ ቤቶች ሊሠሩልህ ይችላሉ፤ 250 ቮልት 50 ሚሊአምፔር፣ 6.3 ቮልት 1 አምፔር በላቸው። በጥቅሎቹ መካከል የሚገባውን መከለያ ወረቀት እንዳይቆጥቡ አደራ፣ ጥቅሉ የሚቃጠለው እዚያ ነው።

ያገለገለ ቱዩብ ስትገዛ አናቱ ላይ ያለው እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ቅብ ነጭ ከሆነ አየር ገብቶበታል፣ ተወው። ኢሲሲ83ን በ300 ቮልት፣ በ100 ኪሎኦምና በ1.5 ኪሎኦም ካቶድ ሬዚስተር ለካው፤ ካቶዱ ላይ 1.2 እስከ 1.7 ቮልት ይጠበቃል። ግማሽ ቮልት ካሳየ ደክሟል። በእርሳስ ቀስ አድርገህ ንካው፣ ስፒከሩ ላይ እንደ ደወል ከጮኸ ለፕሪአምፕ አይሆንም።

ጉምጉምታ ሲኖር አድምጠህ ለየው። ወፍራሙ 50 ኸርዝ የሂተር ሽቦ ወይም የኧርዝ ጣጣ ነው፣ ቀጠን ያለው 100 ኸርዝ የፓወር ካፓሲተር ድካም ነው። ጉምጉምታን ለማጥፋት ብሎ ኧርዙን የሚቆርጥ ጠጋኝ ካጋጠመህ ዕቃህን ይዘህ ውጣ። ቱዩብ ፕሪአምፕ ውስጥ 300 ቮልት አለ፣ ሳጥኑን ነክቶ ሰው ሊሞት ይችላል። ተነቅሎም ቢሆን ካፓሲተሩ ይዞ ይቆያል፤ በ10 ኪሎኦም 10 ዋት ሬዚስተር አውርደህ፣ በቴስተር አረጋግጠህ ነው እጅ የሚገባው።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፕሪአምፑን ወደ ፓወር አምፑ አስጠግቼ የመሃሉን ኬብል 1 ሜትር ባደርገውስ?

ከወልድያ፦
ያኔ የኬብሉ ችግር ያልቃል፣ የምጣዱ ግን ይቀራል። ቱዩቡን ከፈለግክ 500 ቪኤ ስታቢላይዘር ለሙዚቃው ብቻ ለይ፤ ምጣዱ በሌላ መስመር ይሁን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው አትክፈት፣ 5 ደቂቃ ጠብቅ። መጀመሪያ ፕሪአምፑን፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ፓወር አምፑን ክፈት፤ ስትዘጋ ፓወር አምፑ ይቅደም።

ከኮምቦልቻ፦
ስታቢላይዘሩን አሁን የማትገዛ ከሆነ ኤንኢ5532ቱን ውሰድ፣ በተረፈው ገንዘብ የዴኩን ሄድ (የካሴቱን ክር የሚያነበውን) በአልኮል አስጠርግና ቀበቶውን አስቀይር።